እጅ ሲቆጠር

ቱሉ ዲምቱ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣ ሲኖትራክ አቧራ ሲነፋ፣
ናሆም ፀጉር ቤት ተቀምጠናል፣ እኔና ኦቦ ቱፋ፤
እኔ አገጬ በአረፋ፣
እሱ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣ ተራውን እየጠበቀ፤
ቴሌቪዥኑ ከኋላችን፣
ምክር ቤቱ ግን ከመስታወቱ ውስጥ፣ ከፊታችን ደመቀ።

በመስታወት ቀኝ ግራ ነው፣ ጽሑፍ ሁሉ ተገልብጦ፤
አፈ ጉባኤው ያነባሉ፣
የሃያ ዓመት ችሎት በአንድ ትንፋሽ ተውጦ፦
የት እንደተማረ፣ የት እንደሠራ፣
ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጨው፣ ስሙ በማዕረግ ሲጠራ።
ምን ፈርዶ እንደነበር ግን፣
ማን ከችሎቱ ስቆ፣ ማን አልቅሶ እንደወጣ፣
ጠያቂ አልመጣ።
«የምትደግፉ?»
እጅ ወጣ።

ባንዴ። የሚቀድም የለ፣ የሚዘገይ የለ፤
የመንግሥት ተጠሪው ከፊት ወንበር ዞር አለ፣
ያልበቀለ ትልም ይኖር እንደሆን እንደሚያይ ባለማሳ።
ቱፋ ሳቀ። «ጤፍ እንኳ» አለ፣ «ነፋስ ሲመታው ባንዴ ይተኛል፤
እነዚህን ምን ዓይነት ነፋስ ነው ባንዴ የሚያነሳ?»

«የምትቃወሙ?»
አሥራ አንድ እጅ፣ ከወዲያኛው ጥግ፤
እነሱም ቢሆኑ፣ ስሙ ተነቦ ሳያልቅ ክርናቸው ተነስቶ ነበር፣
አንዱ በፍቅር፣ ሌላው በጥላቻ፣ ሰውዬውን ሳያይ ሲቆጠር።
«ድምፀ ተአቅቦ?»
አንድ።
እሱም ጆሮውን ያከከ መሰለኝ፤ ተመዘገበለት ግን።

ድምፅ ሰጡ ይባላል።
እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ነው፣
ከኮት እጅጌ ይሁን ከናሆም ምላጭ፣ አልለየሁም።

የቱፋን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣
አቃቂ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ጃንጥላዬን ተክዬ፣
በገጽ አርባ ብር፣ «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ» ብዬ፤
ስለ አራት ጥማድ መሬት፣ ስለ ሽምብራ ማሳው፣
ባለ ፈቃድ የድንጋይ ወፍጮ በአንድ ሌሊት ስለቆረሰው።
ሦስት ዓመቱ፣ መዝገቡ ሰበር ችሎት ከገባ።

ከቴሌቪዥኑ ግርጌ ቀይ ጽሑፍ አለፈ፤
ፊደል ያልቆጠረው ቱፋ ያቺን ቃል ግን ለይቷት፣
በተገለበጠችበትም አውቋት፣
«ሰበር!» አለ ብድግ ብሎ። «የኔ ነው?»
«አይደለም። ዜና ነው።»
ተቀመጠ።
ቆይቶ፦ «ከእነዚህ ዳኞች የኔ የትኛው ነው?»
«ሁሉም» አልኩት፣ በአረፋው ውስጥ።
«እጅ ያወጡለትን ሰዎች የከሰስኩ ቀን፣
ማንን ነው ቀና ብሎ የሚያይ?»
ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ዝም አልኩ።

እሑድ የእድራችን ዳኛ ምርጫ ሆነ፣
ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎክ ሠላሳ አንድ ጀርባ፣ በድንኳኑ፤
ከኮንዶሚኒየም የመጣን በዚህ፣ ነባሮቹ በዚያ፣
ማንም ሳይለየን ተለይተን፣ ተቀምጠን እንደየወገኑ።
ወይዘሮ ውድነሽ መዝገቧን ገልጣ «እጩ...» ስትል፣
ስሙን ሳትጨርስ እጄ ወጥቶ ነበር።
ማን እንደሆነ አላውቅም። የኛ ብሎክ ሰው ነው።

ቱፋ ከወዲያኛው አግዳሚ ተነሳ፤
እጁን አላወጣም፤ ባርኔጣውን አወለቀ እንጂ።
«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሦስት ወር መዋጮ ሳልከፍል ብሞት፣
ትቀብረኛለህ?»

ድንኳኑ ዝም አለ።
እጩው ዞር ብሎ እኛን አየ፣
መልሱን ከፊታችን ሊለቅም።

እጄ ገና አልወረደችም፤
ቀለም የጠገበች፣ የስንቱን አቤቱታ የጻፈች እጅ፣
ጣሪያ ሥር ብቻዋን ቆማ።
ከሩቅ ላየኝ ሰው
እጅ የሰጠሁ እመስላለሁ።